ፉርኖ የሌለው ሰው ዳቦ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ሻይ አፍሉና ታገሡኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። እዚሁ ካኩማ ተወልዳ አሁን አሜሪካ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ደወለችና «ጋሼ፣ እማዬ ጠዋት ጠዋት ትጠብሰው የነበረው ነገር ትክክለኛ ስሙ ማነው? እኔ ማንዳዚ ስል የአዲስ አበባ ልጆች ቦምቦሊኖ ነው እያሉ ይስቁብኛል። ሱዳናዊቷ ጎረቤቴ ደግሞ ዛላቢያ ነው አለችኝ። ቆይ፣ የማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «አስቤበት እነግርሻለሁ» አልኳትና ረሳሁት።

በዚያው ሳምንት አንዲት የሰፈራችን እናት ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። ስሟን አልጠቅስም። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ማንዳዚ ከሚጠብሱት እናቶች አንዷ ናት፤ ልጆቻችን የእሷን ማንዳዚ በልተው ነው ትምህርት ቤት የሄዱት። በአዲሱ ምደባ ራሳቸውን ከቻሉት ጋር ተቀምጣለች፤ ስለዚህ ራሽን የለሽም ተብላለች። ለምን ብላ ስትጠይቅ የሰማችው መልስ «ቢዝነስ አለሽ» የሚል ነው። ቢዝነሷን እኔ አውቀዋለሁ፦ አንድ ድስት፣ አንድ ጭልፋ፣ አንድ ሳፋ እና ሦስት ድንጋይ።

ሁለቱ ጥያቄዎች ሲገጣጠሙብኝ ነው የዚህን ምግብ ታሪክ መልቀም የጀመርኩት። የደረስኩበትን ከወዲሁ ልንገራችሁ። በዘይት የተጠበሰ ሊጥ አጀማመሩ በሀብታም ማጀት ሊሆን ይችላል፤ በእኛ ቀጠና ግን የኖረው መጋገሪያ የሌለው፣ መሬት የሌለው፣ ነገ የት እንደሚያድር የማያውቅ ሰው ዳቦ ሆኖ ነው። ድስት ጥዳ መንገድ ዳር የተቀመጠች ሴት ስታዩ የምታዩት የጎደላትን ነው። እንዴት እዚህ ላይ እንደደረስኩ ላስረዳ።

ከአገር ቤት እንነሣ። በልጅነታችን ዳቦ ስንል ምን ነበር የምናስበው? በኮባ ተጠቅልሎ ከላይም ከታችም እሳት የሚነድበት ድፎ፣ አምባሻ፣ ሕብስት። እንጀራውማ ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ተቦክቶ ማደር አለበት፤ ምጣድ ይፈልጋል፣ ጭድና ኩበት ወይም እንጨት ይፈልጋል፣ ማሰሻ ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ የማይነቃነቅ ቤት ይፈልጋል። ምጣድ ተሸክሞ የተሰደደ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ለመንገድ የሚሆነው ሊጥ ሌላ ነበር፤ ዳቦ ቆሎ። ከበሶው፣ ከጭኮውና ከቋንጣው ጋር በስልቻ ገብቶ ዘማችም ነጋዴም ይዞት የሚሄድ ስንቅ። በዘይት ውስጥ ጠልቆ የሚጠበስ ሊጥ ግን የድሮው ደገኛ ማጀት ዋና ሥራ አልነበረም። የኑግ ዘይት ነበረ፤ ግን ለጾም ወጥ ነው በጭልፋ እየተለካ የሚወጣው። አንድ ድስት ሙሉ ዘይት ማፍሰስ ለብዙ ቤት የማይታሰብ ነገር ነበር።

ቦምቦሊኖ ስሙ ራሱ ማን እንዳመጣው ይናገራል። ጣሊያን በ1890 ኤርትራን ቅኝ ግዛቱ ብሎ አወጀ፤ በ1936 አዲስ አበባ ገባ፤ በ1941 ወጣ። ሲወጣ ፓስታውን፣ ማኪያቶውንና ፉርኖውን ትቶ ነው የወጣው። ፉርኖ በቋንቋቸው የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ ነጩን የስንዴ ዱቄት «ፉርኖ ዱቄት» ብለን እስከ ዛሬ እንጠራዋለን። ቦምቦሊኖም ከእነሱ «ቦምቦሎኔ» የመጣ ነው። የቃሉን ሥር ስታዩት ቦምባ ነው፤ ቦምብ። ክብና ያበጠ ስለሆነ ነው። በ1935 እና በ1936 ቦምብና የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ያወረዱብን ሰዎች ጣፋጭ ምግባቸውን በዚያው ስም ትተውልን ሄዱ፤ እኛም ሻይ እየጠጣንበት ስሙን አቆላመጥነው። ጣሊያኖቹም በበኩላቸው ከኦስትሪያዎች ክራፕፈን ነው የወሰዱት ይባላል። ይህቺን ክራፕፈን የምትባል ቃል ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ፓስቲውን ከተማ ያደግን ሁሉ እናስታውሰዋለን። ከትምህርት ቤት በር ላይ የምትጠብሰዋ ሴት በአሮጌ የደብተር ወረቀት ትጠቀልልልናለች፤ ዘይቱ ሲያርሰው የአንዱን ልጅ የቤት ሥራ እያነበብን እንበላለን። ስንት ከአሥር እንዳገኘ እያየን። ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ የየመንና የህንድ ነጋዴ አብሮ ደርሷል፤ ሳምቡሳው፣ እንደ መረብ የተጠላለፈው ሙሸበክ በዚያ መንገድ ነው የበለጸገው። ሙሸበክ ማለት ራሱ በዓረብኛ የተጠላለፈ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሱዳናዊቷ ጎረቤት ልምጣ። ዛላቢያ ያለችው እውነቷን ነው፤ እንዲያውም ከሁላችንም ይልቅ የጥንቱን ስም የያዘችው እሷ ናት። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢብን ሰያር አል ወራቅ የተባለ ሰው ባግዳድ ውስጥ ባዘጋጀው የምግብ መጽሐፍ ዛላቢያ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። በ1226 ደግሞ አል ባግዳዲ የጻፈው ሌላ የምግብ መጽሐፍ «የቃዲ ጉርሻ» የሚባል ነገር ያስተምራል፦ ሊጡን አቡክቶ ኩፍ እስኪል መተው፣ በትንንሹ እየቆነጠሩ በሰሊጥ ዘይት መጥበስ፣ ሽሮፕ ውስጥ ነከር አድርጎ ስኳር መነስነስ። ቃዲ ዳኛ ነው። «ሉቅማ» ደግሞ ጉርሻ። ቱርኮች «ሎክማ» ያሉት፣ የባሕረ ሰላጤው ዓረቦች «ሉቀይማት»፣ ሱዳኖች «ለጊማት» የሚሉት ከዚያው ነው፤ ትንንሽ ጉርሻዎች ማለት ነው። በጉርሻ ስማችን ለሚነሣው ለእኛ ከዚህ የሚቀርብ ስም የለም። በነገራችን ላይ በዱባይና በጅዳ በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ይህን ያነባሉ፤ በረመዳን ስንት ሳፋ ሉቀይማት እንደጠበሳችሁ እናንተ ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ አጀማመሩ የከሊፋዎችና የዳኞች ማዕድ ነበር ማለት ነው። አልደብቅም። ጥያቄው ከዚያ ማዕድ እንዴት ወርዶ መንገድ ዳር ደረሰ የሚለው ነው። መልሱ ዱቄቱ ውስጥ ይመስለኛል። ስንዴ ውድ በነበረበት ጊዜ የተጠበሰ ሊጥ ቅንጦት ነበር። በእኛ ቀጠና ስንዴ በመርከብ፣ በጆንያ፣ ከድሃ ደጃፍ ሲደርስ ግን ነገሩ ተገለበጠ።

ሱዳንን ውሰዱ። የአገሬው ምግብ ከማሽላ የሚጋገር ኪስራ ነው። በ1954 አሜሪካ ትርፍ እህሏን ለውጭ አገር የምትሸጥበትንና የምትረዳበትን ሕግ አወጣች። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ደግሞ በ1961 ተቋቁሞ በ1963 የመጀመሪያውን የልማት ሥራውን የጀመረው የት ይመስላችኋል? ሱዳን፣ ዋዲ ሃልፋ። የአስዋን ግድብ ውኃ አገራቸውን ሊያሰጥምባቸው ለነበሩት ኑቢያውያን። ከመንደራቸው ተነሥተው ወደ ኻሽም ኤል ግርባ ተወሰዱ። ግርባ ስል ከሰላ አካባቢ የቆያችሁ ወንድሞች ትነቃላችሁ፤ እኛም ተራችን ሲደርስ በዚያው ምድር ላይ ነው የተሰደድነው። የመጀመሪያው ትልቅ የራሽን ታሪክ እኛ ከመድረሳችን በፊት እዚያ ተጽፎ ነበር።

ቀጥሎ እኛ ደረስን። በ1984 እና በ1985 ረሃብ ከኢትዮጵያ ሱዳን ያሻገራቸው ሰዎች ኡም ራኩባን አያት ሆነውም አይረሱትም። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ከእነዚያ ካምፖች ነው በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በድብቅ ወደ እስራኤል የተወሰዱት። እዚያ ደርሰው ክረምት ላይ የሚከበረውን ሐኑካን ሲያዩ አዲስ በዓል ነበር የሆነባቸው፤ አገር ቤት አያከብሩትም ነበርና። የበዓሉ ምግብ ደግሞ ምን ሆኖ ጠበቃቸው? በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ ሱፍጋኒያ። ኡም ራኩባ ከ2020 ጀምሮ እንደገና ከትግራይ የተሰደዱ ወገኖቻችንን አስተናገደ። አንድ ካምፕ፣ ሁለት ትውልድ።

ኻርቱም ለኖርን ሰዎች ለጊማትና ዛላቢያ ከ«ሲት አሻይ» የሚለይ ነገር አይደለም። ዛፍ ሥር በርጩማ፣ ከሰል ምድጃ፣ ጀበና፣ ብርጭቆ የደረደሩት ሻይ ሻጮች። ከዳርፉር፣ ከኑባ ተራሮች፣ ከደቡብ በጦርነት የተፈናቀሉ ሴቶች ናቸው፤ ከእነሱ መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች ቁጥራቸው ብዙ ነበር። «ከሻ» የምትለውን ቃል የማያውቅ የኻርቱም ስደተኛ የለም፤ ፖሊስ ድንገት መጥቶ ምድጃውንም ድስቱንም ጭኖ ይሄዳል። የፈላ ዘይት ያለበት ድስት ይዞ መሮጥ ምን እንደሆነ የሮጠ ያውቀዋል። ከእነዚያ ሴቶች መካከል አዋዲያ ማህሙድ ኮኮ የተባለች የደቡብ ኮርዶፋን ሴት የምግብና የሻይ ሻጮችን የኅብረት ሥራ ማኅበር አደራጅታ መብታቸውን ስትሟገት ኖራ በ2016 ከአሜሪካ መንግሥት የጀግና ሴቶች ሽልማት ተቀብላለች። ሴቶቹ ይያዙበት የነበረው የሥነ ሥርዓት ሕግ የተሻረው በኖቬምበር 2019 ነው። ከዚያ ኤፕሪል 15፣ 2023 ጦርነቱ መጣና ሻይ ሻጭዋም ጠጪውም ተበተኑ። ዛሬ እዚህ ካኩማ ገበያ ውስጥ ከኻርቱም የመጣች ሴት ለጊማት ስትጠብስ ሳይ የማየው ያንን ዛፍ ነው።

ማንዳዚስ? ማንዳዚ የባሕር ልጅ ነው። ሞምባሳ፣ ላሙ፣ ዛንዚባር። ዳርቻው ላይ ሄልና የኮኮናት ወተት የገባበትን «ማሀምሪ» ይሉታል፤ ከስዋሂሊው «ሀሚራ»፣ እርሾ ማለት ነው፣ እሱም ከዓረብኛ። ከምባዚ ጋር፣ የርግብ አተር በኮኮናት ወተት ተቀቅሎ፣ ለቁርስ ይቀርባል። ስንዴ እንደልብ ከመድረሱ በፊትም ዳርቻው ሊጥ መጥበስ የሚያውቅ ይመስለኛል፤ ከሩዝ የሚሠራው ቪቱምቡዋ እስከ ዛሬ አለ። ሶማሌዎች ኢስሊ ውስጥ «ቡር» ብለው ይሸጡላችኋል፤ ዱቄት ማለት ነው። ካምፓላ ያላችሁ ደግሞ፣ የምትኖሩበት ሰፈር ካባላጋላ ስሙ ከሙዝና ከካሳቫ ዱቄት ከሚጠበሰው ካባላጋላ ጋር አንድ ነው። በተጠበሰ ሊጥ ስም በሚጠራ ሰፈር ይህን ያህል ሀበሻ መሰብሰቡን ሳስብ ብቻዬን እስቃለሁ።

ያስያዝኳችሁን ቃል ልመልስ። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ከ1839 እስከ 1842 አንኮበር፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ነበር። ከወጣ በኋላ ወደ ሸዋ መመለስ ተከለከለ። በ1844 ሞምባሳ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ሚስቱንና አራስ ልጁን ቀበረ። እዚያው ቁጭ ብሎ ስዋሂሊን አጠና፤ መዝገበ ቃላቱ በ1882 እሱ ካረፈ በኋላ ታተመ። ከሸዋ ተነሥቶ ኬንያ ለመግባት መንገድ የጠፋበት ሰው እኛ ብቻ አይደለንም ለማለት ያህል ነው። ስሙ ደግሞ ያችን የተጠበሰች ሊጥ ይመስላል። ግጥምጥሞሽ ነው፤ ከዚያ በላይ ትርጉም አትስጡት።

ማንዳዚን ከዳርቻው ወደ መሀል አገር የወሰደው ሁለት ነገር ነው ብዬ አስባለሁ፤ ባቡርና ነጭ ዱቄት። ከ1896 እስከ 1901 ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የተዘረጋው ሐዲድ ከ30,000 በላይ የህንድ ሠራተኞችን አመጣ፤ ቻፓቲውና ሳምቡሳው አብሮ ነው የተጓዘው። ከዚያ እንግሊዛዊው ሎርድ ደላሜር ንጆሮ አካባቢ ስንዴ ማልማት ጀመረ፤ በ1908 ኡንጋ የተባለውን የዱቄት ኩባንያ አቋቋመ። ኡንጋ ዱቄት ማለት ነው፤ ያው ኩባንያ ዛሬም አለ። ስንዴው ከማሳይ በተወሰደ መሬት ላይ ነው የበቀለው። የናይሮቢው የቀን ሠራተኛ በሻይ የሚበላው ማንዳዚ እንግዲህ መሬቱን ያጣ ሰው፣ መሬቱ ላይ የበቀለውን ስንዴ ከነጋዴ ገዝቶ የሚበላው ነው።

አሁን ወደ ቤታችን። ደርግ በ1991 ሲወድቅ ሞያሌን ተሻግረው ዋልዳ ካምፕ የሰፈሩ ወገኖቻችን ዋልዳ ሲዘጋ ወደ ካኩማ ተወሰዱ። ካኩማ የተከፈተው በ1992 ነው፤ መጀመሪያ የገቡት ከሱዳን በእግራቸው የመጡት ወላጅ አልባ ልጆች ናቸው። ራሽኑ በቆሎ፣ የስንዴ ዱቄት፣ ባቄላ ወይም አተር፣ ጨው እና ዘይት ነበር። ዘይቱ በዚያ በምናውቀው ጣሳ፤ «ከአሜሪካ ሕዝብ» የሚል የተጻፈበት። ጣሳው ተደፍጥጦ በር ሆኗል፣ ጣሪያ ሆኗል፣ ኩባያ ሆኗል። ጤፍ የለም። ምጣድ የለም። እንጨት ለመልቀም ከካምፕ የወጣች ሴት ምን ሊደርስባት እንደሚችል ታውቃላችሁ። ስንዴ ዱቄት፣ ዘይት፣ ጨው አለ። ከዚህ ምን ይሠራል?

እናቶቻችን ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ነው ድስቱ። እንጀራ ሦስት ቀን ይጠይቃል፤ ማንዳዚ ሁለት ሰዓት። ፉርኖ ግንብ ይጠይቃል፤ ማንዳዚ ሦስት ድንጋይ። አንድ እፍኝ ከሰል ሁለት ኪሎ ዱቄት ይጠብሳል። ከሰሉንና እንጨቱን የሚያመጡት የቱርካና ሴቶች ናቸው፤ ገንዘብ ሲጠፋ በዱቄት እንለውጣቸው ነበር፤ ዛሬም ጠዋት ከማንዳዚ ሻጭዋ አጠገብ ቁጭ ብላ ቻይ የምትጠጣ የቱርካና እናት ታያላችሁ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ሒሳብ የሚያህል ጥብቅ ውል አላየሁም፤ ወረቀት የለውም።

ስኳሩ፣ እርሾውና ሄሉ ከየት መጣ? ከራሽኑ አይደለም። ከዱቄቱ ግማሹን ሸጠው ስኳር ገዙ። ይህን አንዳንድ ረጂዎች «ራሽን መሸጥ» ብለው በክፉ ያዩት ነበር። እኔ ግን የእቁብ የመጀመሪያ ዙር ብዬ ነው የማየው። የልጅ ደብተር፣ የሞተ ሰው መቅበሪያ፣ የፕሮሰስ ፎቶ ኮፒ የወጣው ከዚያ ድስት ነው። በ2018 የወጣ የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን ጥናት ካኩማ ውስጥ ከ2000 በላይ የንግድ ቤቶች እንዳሉ ሲቆጥር ደስ ብሎን ነበር። ታታሪዎች ተባልን። ያ ቁጥር አንድ ቀን ሊመነዘርብን እንደሚችል ያኔ ማን አሰበ?

ደግሞ ይህ የእኛ ብቻ ብልኃት አይደለም። አሪዞና የሚኖሩ ዘመዶቻችን በገበያ ቀን የናቫሆ ሰዎች ትልቅ ክብ ሊጥ ጠብሰው ሲሸጡ አይተው «እኛ ጋ ያለው ነው» ብለው ቪዲዮ ልከውልኝ ነበር። ታሪኩን ሳነብ ተቀምጬ ቀረሁ። በ1864 የአሜሪካ ጦር በሺዎች የሚቆጠሩ ናቫሆዎችን ከአገራቸው አስነሥቶ በእግራቸው ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ወደሚገኘው ቦስኬ ሬዶንዶ ነዳቸው። በቆሏቸው የለም፣ በጎቻቸው የሉም። መንግሥት የሰጣቸው ራሽን ነጭ ዱቄት፣ ስብ፣ ስኳር እና ጨው ነበር። የተጠበሰው ዳቦ የተወለደው ከዚያ ነው ብለው ይናገራሉ። በ1868 አገራቸው ተመለሱ፤ ዳቦው አብሯቸው ሄደ። ዛሬ ከመካከላቸው የሚኮሩበት አሉ፤ የግዞት ምግብ ነው ብለው የሚጠሉትም አሉ። ሁለቱንም እረዳቸዋለሁ።

ለአክስቴ ልጅ መልሱ እንግዲህ ይህ ነው። እናትሽ የጠበሰችው ማንዳዚ ነው፤ የተማረችው እዚሁ ከስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቷ ነውና። ክብ አድርጋ ስትሠራው ግን ቦምቦሊኖ ትለው ነበር፤ አንቺ ትንሽ ስለነበርሽ ነው። ለሚስቁብሽ ልጆች ቦምቦሊኖም የመጣ ቃል መሆኑን ንገሪያቸው።

አሠራሩንም ጠይቀሻል። አንድ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ሄል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። ለብ ያለ ውኃ ከግማሽ ሊትር ትንሽ በለጥ አድርገሽ፣ ቀስ በቀስ። ኮኮናት ወተት ካገኘሽ ግማሹን በእሱ ተኪው። አሥር ደቂቃ እሺው፤ እጅሽን መልቀቅ ሲጀምር በቅቶታል። ሸፍነሽ ተዪው። እዚህ በእኛ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ አንቺ ጋ ክረምት ከሆነ ከሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን እዪ፣ እጥፍ ይሁን። የጣት ውፍረት አድርገሽ ዳምጪው፣ ሦስት ማዕዘን ቁረጪው፣ ትንሽ ይረፍ። ዘይቱን የምትለኪው በሊጥ ቁራጭ ነው፦ ጣል ስታደርጊያት ወዲያው አረፋ እያነሣች ከተንሳፈፈች ደርሷል። ታች ከቀረች ዘይቱ ገና ነው፤ ያኔ ብትጨምሪ ሊጡ ዘይት ይጠጣና ይከብዳል። ወዲያው ከጠቆረች እሳቱን ቀንሺ፤ ውጪው አሮ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። ኩፍ ሲል ገልብጪው። ለጊማት ከፈለግሽ ሊጡን ቀጠን አድርገሽ በእጅሽ ጨምቀሽ በአውራ ጣትሽ እየቆረጥሽ ጣይው፤ መጀመሪያ አያምርልሽም፤ የማንም አያምርም።

አሁን ወደዚያች እናት ወረቀት። ቅነሳው አዲስ አይደለም። በኖቬምበር 2014 በኬንያ ካምፖች ራሽን በግማሽ ተቀንሶ ነበር፤ በ2016 መጨረሻም እንደገና። ከ2015 ጀምሮ ከፊሉ በስልክ በሚላክ «ባምባ ቻኩላ» ተተካ። በ2025 ደግሞ ነዋሪው በአራት የችግር ደረጃ ተከፈለ፤ የመጨረሻው ደረጃ ውስጥ የገባ የምግብ እርዳታ አያገኝም። ገንዘቡ መድረቁን እናውቃለን፤ የዘይቱ ጣሳ ላይ ስሙ የነበረው ድርጅትም በዚያው ዓመት ጁላይ 1 ሥራውን አቁሟል። ጥያቄዬ ገንዘቡ ሲያንስ ማን ይቅር የሚለው በምን ሚዛን ተወሰነ የሚለው ነው።

ከእሷ ጋር ቁጭ ብለን ሒሳቡን ሠራን። ከአንድ ኪሎ ዱቄት 25 ማንዳዚ ይወጣል፤ አንዱ በ10 ሽልንግ፣ 250። ዱቄቱ 90፣ የሚጠጣው ዘይት 60፣ ስኳር 20፣ እርሾና ሄል 10፣ ከሰል 25። ጠቅላላ 205። የሚቀራት 45 ሽልንግ ነው። በቀን አራት ኪሎ ትጠብሳለች፤ ሁሉም ከተሸጠ 180 ሽልንግ፣ ለአምስት ነፍስ። ዝናብ ሲዘንብ አይሸጥም። ገዢዎቿም ራሽን ጠባቂ ናቸው፤ ራሽን ሲቀነስ መጀመሪያ የሚተዉት ማንዳዚ ነው፣ ወይ በዱቤ ይወስዳሉ። የዱቤ ደብተሯን አሳይታኛለች፤ ከነበረው ትርፍ ይልቅ ያልተከፈለው ይበልጣል። ያለ መውጫ ፈቃድ ኪታሌ ሄዳ ዱቄት በጅምላ ልትገዛ አትችልም። ከዚህ ቀደም ያተረፈች ይመስላት የነበረው ዱቄቱ ከራሽኑ ስለነበረ ነው፤ ማለትም ከልጆቿ እራት። ራሽኑ ሲቆም ቢዝነሱም አብሮ ይቆማል። ዓሣው የሚኖረው ውኃ ውስጥ ስለሆነ ውኃ አያስፈልገውም እንደማለት ነው።

ቅሬታ ማቅረቢያ አለ። ለማቅረብ ግን «አትበቃኝም» ብቻ ብሎ መሄድ አይሠራም፤ ቁጥር ይዞ መሄድ ነው። ስለዚህ ድስት ያላችሁ እናቶች፣ ማንዳዚም ሆነ ለጊማት፣ ሳምቡሳም ሆነ ፓስቲ፣ የሁለት ሳምንት ሒሳብ ጻፉ፦ የገዛችሁትን፣ የሸጣችሁትን፣ በዱቤ የሰጣችሁትን፣ የተበላሸውን። መጻፍ የማይችሉትን ልጆቻቸው ይጻፉላቸው። እዚህ ኮሜንት ላይ ስምም የካርድ ቁጥርም አትጻፉ፤ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። የሱዳን፣ የኮንጎና የቡሩንዲ ጎረቤቶቻችሁንም ንገሯቸው፤ ድስቱ አንድ ነው፤ ቋንቋ ካስቸገረ አስተርጓሚ አለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን ዛፍ ሥር እንሰበሰባለን። ደብተርና እስክሪብቶ አለኝ። ማንዳዚውን እሷ ታመጣለች፤ እንከፍላታለን፣ በዱቤ አይደለም።